ብሎክቼን ወይስ ጥሩ ዳታቤዝ? ለሀዋሳ ነጋዴዎች የመምረጫ መመሪያ

ሀዋሳ ላይ ቡና የሚያጥብ፣ ማሠልጠኛ የከፈተ ወይም ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ዕቃ የሚያቀርብ ሰው «ሥራህን ለምን ብሎክቼን ላይ አታደርገውም?» የሚል ምክር ሳይደርሰው አይቀርም። መካሪው አንዳንዴ ሶፍትዌር ሻጭ ነው። አንዳንዴ የውጭ ገዢ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ያመሸ የእህት ልጅ ነው።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። አብዛኛው የከተማችን ነጋዴ የሚያስፈልገው በሥርዓት የተያዘ ዳታቤዝ፣ ማለትም አንድ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ የሚይዘው መዝገብ፣ ነው። ጥቂቱ ዳታቤዙ ላይ ትንሽ የብሎክቼን ማረጋገጫ ቢጨምርበት ይጠቀማል። ሙሉ ብሎክቼን የሚያስፈልገው በጣም ጥቂቱ ነው፣ እሱም ቢሆን ብቻውን ሊሠራው አይችልም፤ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩን እንግባባበት። ብሎክቼን ብዙ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ቅጂ የሚይዙበት መዝገብ ነው። አዲስ ነገር ከሥር ይጨመራል እንጂ የድሮው አይፋቅም። እያንዳንዱ ክፍል የቀዳሚውን የሂሳብ አሻራ ስለሚሸከም፣ አንድ ሰው የራሱን ቅጂ ቢነካካ ከሌሎቹ ጋር አልገጥም ብሎ ወዲያው ይታወቅበታል። ስማርት ኮንትራት ደግሞ እዚያው መዝገብ ላይ የሚቀመጥ ፕሮግራም ነው፦ ይህ ከተሟላ ያንን አድርግ። ሐሳቡን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያነሳው ኒክ ዛቦ የሰጠው ምሳሌ ሳንቲም ሲገባበት ለስላሳ የሚያወጣ ማሽን ነበር። ሀዋሳ ላይ እንዲህ ያለ ማሽን ፈልጋችሁ አታገኙም፤ ግን ገብቷችኋል፣ መሃል ላይ ባለሱቅ የለም።

ይህ ሁሉ ድካም ዋጋ የሚኖረው ሁለት ነገር ሲገጥም ነው። መዝገቡ ላይ የሚጽፉት የተለያዩ ድርጅቶች መሆን አለባቸው። ሁሉም «እሱ ይያዝልን» የሚሉት አንድ አካል ደግሞ መጥፋት አለበት። ሐይቁ ዳር ሆቴል ካላችሁ የክፍል ምዝገባውን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ፣ የምትተማመኑትም በራሳችሁ ነው። ብሎክቼን ምን ይጨምርላችኋል? ምንም። ፋርማሲ፣ ሱፐርማርኬት፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብርም እንደዚያው። ሠራተኛው መዝገብ እንዳይነካካ ከሆነ ጭንቀታችሁ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መግቢያ ስጡ፣ ማን ምን ሰዓት ምን እንደቀየረ የሚመዘግብ ዳታቤዝ አሠሩ፣ ቅጂውን በየቀኑ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። እነዚህ ሰዎች ጽሑፉን እዚህ ላይ አቁመው ወደ ሥራቸው ቢመለሱ አልቀየምም።

ቡና ላይ ነገሩ ይለያል

የሲዳማን ቡና መንገድ አስቡት። ገበሬው እሸቱን ይዞ ይመጣል። ሰብሳቢ ወይም ማጠቢያ ጣቢያ ይረከበዋል። አልጋ ላይ ይደርቃል፣ ሀዋሳ መጥቶ ይመረመራል፣ አዲስ አበባ ተበጥሮ ለኤክስፖርት ይዘጋጃል፣ ጅቡቲ ይወርዳል፣ ከዚያ መርከብ። እያንዳንዱ እጅ የራሱ ደብተር አለው። ገዢው ሻጩን ሙሉ በሙሉ አያምንም፣ ሻጩም አቅራቢውን፣ አቅራቢውም ሰብሳቢውን። እንግዲህ ብዙ ጸሐፊ እና ትንሽ መተማመን ማለት ይህ ነው።

አሁን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት የደን ምንጣሮ ደንብ አለ፣ ቁጥሩ 2023/1115። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተገኘ መሬት የመጣ ቡና አንቀበልም ይላል። ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ይጠይቃል፤ ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሪያውን መለካት ያስፈልጋል። የእኛ ገበሬ ማሳ ባብዛኛው ትንሽ ስለሆነ ነጥቡ ይበቃዋል። ተፈጻሚ የሚሆንበት ቀን ተደጋግሞ ተራዝሟል፣ ስለዚህ ማንም ሻጭ «ነገ ገበያ ልታጡ ነው» ብሎ ቢያስፈራራችሁ ቀኑን ራሳችሁ አጣሩ። ደግሞ ልብ በሉ፣ ደንቡ መረጃውን እንጂ ብሎክቼን አይጠይቅም። የገበሬ ዝርዝር፣ የማሳ ነጥብና የርክክብ ደረሰኝ በደንብ በተያዘ ዳታቤዝም ይሟላል።

ታዲያ ምርጫው ምንድን ነው? ለአንድ ላኪ ወይም ለአንድ ማጠቢያ ጣቢያ አራት መንገድ አለ።

አንደኛው ዳታቤዝ ብቻ ነው። ርካሽ ነው፣ ፕሮግራመርም በቀላሉ ይገኛል፣ ስህተት ሲገባ ይታረማል። ድክመቱ ገዢው «ይህን ትናንት ማታ አላስተካከልከውም ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ከቃላችሁ ሌላ ማስረጃ አለመኖሩ ነው።

ሁለተኛው እኔ በጣም የምወደው ነው፣ ሻጮች ግን ብዙም አያነሱትም፤ ምክንያቱም የሚሸጥ ነገር ብዙ የለውም። ዳታቤዛችሁን እንዳለ ትይዛላችሁ። ማታ ላይ የዕለቱን ደረሰኞች በሙሉ አንድ ላይ አድርጋችሁ ሀሽ ታወጣላችሁ። ሀሽ ማለት ከፋይሉ ተሰልቶ የሚወጣ አጭር አሻራ ነው፤ ከፋይሉ አንዲት ኮማ ብትቀየር አሻራው ሌላ ይሆናል። ከዚያ ያንን አሻራ ብቻ የሕዝብ ብሎክቼን ላይ፣ ማለትም ማንም ሊያየውና ሊጽፍበት በሚችል ብሎክቼን ላይ፣ ታስቀምጣላችሁ። ኦፕንታይምስታምፕስ የሚባለው ነፃ መሣሪያ የብዙ ሰው አሻራ አጠራቅሞ በአንድ የቢትኮይን ግብይት ስለሚያሰፍር፣ እናንተ ቢትኮይን መያዝም መክፈልም አይጠበቅባችሁም። ከስድስት ወር በኋላ ገዢው ቢጠራጠር ፋይሉን፣ መሣሪያው ከሰጣችሁ የማረጋገጫ ፋይል ጋር፣ ትሰጡታላችሁ፣ ራሱ ያመሳክራል። የገበሬው ስም አልወጣም፣ ዋጋችሁ አልታየም፣ ግን መዝገቡ በዚያ ቀን እንደነበረ እና እንዳልተነካ ይረጋገጣል። ታኅሣሥ ላይ እሸት ጎርፎ ሲመጣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ግድ የለም፤ ሲመለስ ታስቀምጣላችሁ፣ የሚመዘገበው ሰዓት ብቻ ትንሽ ዘግየት ይላል።

ሦስተኛው ፈቃድ የሚጠይቅ ብሎክቼን ነው። ስሙ የሚጠራው ሃይፐርሌጀር ፋብሪክ ነው፣ ከሊነክስ ፋውንዴሽን ፕሮጀክቶች አንዱ፣ ሶፍትዌሩ ነፃ። አባል ያልሆነ አያይም፣ አይጽፍም። ቶከንም (ብሎክቼን ላይ የሚሸጥ የሚገዛ ዲጂታል ሳንቲም) የግብይት ክፍያም የለውም። ዋጋን ከሌሎቹ አባላት ደብቆ ለሁለት ሰዎች ብቻ ማሳየት ይቻላል፣ ይህ ለቡና ነጋዴ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሶፍትዌሩ ነፃ መሆኑ አያታልላችሁ። እያንዳንዱ አባል ድርጅት የራሱ ሰርቨር፣ አባላቱ እነማን እንደሆኑ የሚያረጋግጥ የራሱ ዲጂታል የምስክር ወረቀት አሰጣጥ፣ የሚከታተለው ሰው ያስፈልገዋል። ሁሉም ሰርቨር በአንድ አቅራቢ እጅ ከሆነማ የሠራችሁት ውድ ዳታቤዝ ነው።

እዚህ ላይ ነው ብቻችሁን አትችሉም ያልኳችሁ። የመርከብ ድርጅቱ ማርስክ እና የኮምፒውተር ድርጅቱ አይቢኤም በ2018 እ.ኤ.አ. ትሬድሌንስ የሚባል የመርከብ ጭነት መድረክ በዚሁ ቴክኖሎጂ አቋቁመው ነበር። ገንዘብም ባለሙያም አላጡም። በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ እንደሚዘጋ ተነገረ፤ የተሰጠው ምክንያት ዘርፉ በሙሉ ሊተባበር አለመቻሉ ነው። እኔ እንደማነበው ተፎካካሪ በተፎካካሪው መዝገብ ላይ መጻፍ አይወድም። አንድ ትልቅ ላኪ ሀዋሳ ላይ «የጋራ ብሎክቼን አቋቁሜያለሁ፣ ኑ ግቡ» ቢል ሌሎቹ ይገባሉ? አይመስለኝም። እንደ ሲዳማ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ያለ አካል፣ አባላቱ መሠረታዊ ማኅበራት የሆኑበት፣ ቢይዘው ግን ሌላ ወሬ ነው። ዩኒየንን ሁሉም ካመነው ደግሞ ዳታቤዝ ራሱ ሊበቃ ይችላል፣ እና እንደገና ወደ መጀመሪያው መንገድ ተመለስን ማለት ነው።

አራተኛው እያንዳንዱን ደረሰኝ በቀጥታ በሕዝብ ብሎክቼን ላይ መጻፍ ነው፣ ኢቴሪየምን በመሰለ። ሂሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ መጠነኛ መረጃ የሚጽፍ ግብይት 100,000 ጋዝ ይፈጃል እንበል፤ ጋዝ የሥራው መለኪያ ነው። የአንዱ ጋዝ ዋጋ 10 ግዌ ከሆነ፣ አንድ ግዌ የአንድ ኢተር፣ የኢቴሪየም ገንዘብ፣ ቢሊዮንኛ ስለሆነ፣ ክፍያው 0.001 ኢተር ይሆናል። ኢተር 3,000 ዶላር ቢሆን 3 ዶላር ማለት ነው። ለአንድ ገበሬ፣ ለአንድ ጆንያ እሸት፣ ለአንድ ደረሰኝ! ዋጋው በየሰዓቱ ይወጣል ይወርዳል፣ ጠዋት የሠራችሁት በጀት ማታ ሊከሽፍ ይችላል። ሌየር 2 የሚባሉት ከኢቴሪየም በላይ የተሠሩ ኔትወርኮች በጣም ያረክሱታል፣ በተለይ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ከተደረገው ማሻሻያ ወዲህ። ያም ሆኖ ክፍያው በክሪፕቶ፣ እንደ ኢተርና ቢትኮይን ባለ ዲጂታል ገንዘብ፣ ነው፣ ያንን ከየት ታመጡታላችሁ?

የትኛውንም ብትመርጡ የማይቀር ችግር አለ። ብሎክቼን ሚዛኑን አያይም። ከሌላ አካባቢ የመጣ እሸት የእናንተ ጣቢያ ላይ ቢቀላቀል፣ ሚዛን ላይ ያለው ልጅ 40 ኪሎውን 36 ብሎ ቢጽፍ፣ ሥርዓቱ 36 የሚለውን ለዘላለም በታማኝነት ይይዛል። የአሜሪካው የሱፐርማርኬት ድርጅት ዋልማርት የማንጎን ምንጭ ለማግኘት ሰባት ቀን ገደማ ይፈጅበት የነበረውን በአይቢኤም ብሎክቼን ሙከራ ወደ 2.2 ሰከንድ አወረደው የሚለውን ታሪክ ሻጮች ሁሉ ይነግሯችኋል። እውነት ነው። ግን ፍጥነቱ በብዛት የመጣው ወረቀት ላይ የነበረው ነገር ሁሉ በአንድ ዓይነት መልክ ኮምፒውተር ውስጥ በመግባቱ ይመስለኛል፤ ያንን ደግሞ ዳታቤዝም ያደርገዋል። ስለዚህ በጀት ካላችሁ በመጀመሪያ ዲጂታል ሚዛን ግዙ። ከስልክ ጋር የሚገናኝ ሆኖ ለገበሬው እዚያው በኤስኤምኤስ ኪሎውንና ዋጋውን የሚልክ ይሁን። ገበሬው ስልኩ ላይ ያለው መልእክት ከማንም ብሎክቼን የተሻለ ሁለተኛ ቅጂ ነው፤ ስህተት ቢኖር በማግሥቱ መጥቶ ይጮሃላ!

ስማርት ኮንትራትና ብራችን

«ቡናው መጋዘን ሲገባ ክፍያው በራሱ ይልቀቅ» የሚለው ሐሳብ ያምራል። ደላላ የለ፣ «ነገ ና» የለ። ችግሩ ስማርት ኮንትራት ማንቀሳቀስ የሚችለው ብሎክቼኑ ላይ ያለ ገንዘብ ብቻ ነው፣ ብር ደግሞ እዚያ የለም። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ የሀገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን አስታውሶ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው ብሏል። የውጭ ገዢ «በስቴብል ኮይን (ዋጋው እንደ ዶላር ባለ ገንዘብ ላይ በታሰረ ክሪፕቶ) ልክፈልህ» ቢላችሁም አትሳቡ፤ የኤክስፖርት ገቢ በባንክ በኩል መግባት አለበት፣ ያንን ማምለጥ ፈቃድ ያስነጥቃል።

ስለዚህ እኛ ጋ ስማርት ኮንትራት ባንክ በር ላይ ይቆማል። «ይከፈል» የሚል ምልክት ሊሰጥ ይችላል፤ ገንዘቡን የሚልከው ግን ሌላ ሥርዓት ነው። ያ ከሆነ ደግሞ ምልክቱን ራሱ ተራ ፕሮግራም ለምን አይሰጥም? ሚዛኑ ሲመዘገብ የገበሬው ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ ሒሳቡ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። ፕሮግራሙን የምትቆጣጠሩት እናንተ ናችሁ፣ ስህተት ቢገኝበት ታቆሙታላችሁ። ከውጭ ገዢ ጋር ለሚደረግ ትልቅ ግብይት ደግሞ ሌተር ኦፍ ክሬዲት አለ፤ ሰነዱ ከተሟላ ባንኩ ይከፍላል። በወረቀት የሚሠራ «ይህ ከተሟላ ያንን አድርግ» ማለት ነው እንግዲህ፣ ይዘገያል፣ ያስከፍላል፣ ግን ፍርድ ቤት ያውቀዋል።

ማቆም መቻል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. ኢቴሪየም ላይ ዘ ዳኦ የሚባለው ስማርት ኮንትራት ኮዱ ውስጥ በነበረ ቀዳዳ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ኢተር ተወሰደበት። ኮዱ የተጻፈለትን ነው የሠራው። ነገሩን ለመመለስ ኔትወርኩ በሙሉ ለሁለት ተከፈለ። ለእነሱ ታሪክ የሚቀይር ማኅበረሰብ ነበራቸው። ለእናንተ ማን አለ?

ሕጉን በተመለከተ፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ ያደርጋል፣ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅም አለ፣ ቁጥር 1072/2010። ቢሆንም ተራ ውል በአማርኛ ጻፉ፣ ተፈራረሙ፣ ኮዱን እንደ ማስፈጸሚያ ብቻ ቁጠሩት። ኮዱና ውሉ ቢጋጩ የትኛው እንደሚገዛ አንድ አንቀጽ አስገቡ። ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የገበሬ ስም፣ ስልክ፣ የፋይዳ ቁጥር በማይፋቅ መዝገብ ላይ መጻፍ ራስን ከሕግ ጋር ማጣላት ነው። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ብሎክቼኑ ላይ አሻራ እንጂ ስም አታስቀምጡ።

ማሠልጠኛዎችና ኮሌጆች

የሐሰት ዲፕሎማ ለሁላችንም ያስቸግራል። ሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ትምህርት ሚኒስቴርና ካርዳኖ የሚባለውን ብሎክቼን የሚያለማው ድርጅት ለ5 ሚሊዮን ተማሪዎች በብሎክቼን ላይ የተመሠረተ መታወቂያና የውጤት መዝገብ እንደሚያዘጋጁ ይፋ ሲያደርጉ የነበረው ጫጫታ ትዝ ይላችሁ ይሆናል። ለአንድ የሀዋሳ ማሠልጠኛ ግን ያን ያህል መንጠራራት አያስፈልግም። ሰርተፍኬቱን በዲጂታል ፊርማ ፈርማችሁ ኪውአር ኮድ ጨምሩበት፣ ቀጣሪው ስካን ሲያደርግ ድረ ገጻችሁ ላይ ይመሳከር። ብሎክቼን የሚጨምረው አንድ ነገር ነው፦ ተቋሙ ነገ ቢዘጋ ወይም ድረ ገጹ ቢጠፋ አሻራው ይቀራል። ለዚያ ከላይ ያልኳችሁ ነፃው መንገድ ይበቃል፤ በየምረቃው አንድ ጊዜ ነው የሚሠራው። ተማሪው ግን ፋይሉንም የማረጋገጫ ፋይሉንም መያዝ አለበት፣ ይህን በምረቃው ዕለት በደንብ አስረዱት፣ ካልሆነ አሻራው ብቻውን ምንም አይሠራለትም።

ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ለምታቀርቡ ደግሞ ምክሬ አጭር ነው። የልብስ ብራንዶች የጥጥና የጨርቅ ምንጭ ክትትል ሲፈልጉ መድረኩን ራሳቸው ይመርጣሉ። የእናንተ ሥራ ዳታችሁን ንጹሕ አድርጎ መያዝና ወደፈለጉት ሥርዓት መላክ ነው። የራሳችሁን ብሎክቼን ብትገነቡ የሚጠይቃችሁ የለም።

ሻጩ ሲመጣ

ሻይ አዙለት፣ ከዚያ ጠይቁት። እኔ ብቻዬን የምጽፍበት ከሆነ ከዳታቤዝ በምን ይበልጣል? ኖዶቹን፣ ማለትም የመዝገቡን ቅጂ የሚይዙትን ኮምፒውተሮች፣ የሚይዙት እነማን ናቸው? ሁሉም በእናንተ ሰርቨር ላይ ከሆኑ ማንን ነው የማላምነው? መዝገቡ ላይ በስሜ የሚያስጽፈው የሚስጥር ቁልፍ ያለበት ስልክ ቢሰረቅ ምን ይሆናል? የተሳሳተ ኪሎ ከተጻፈ እርማቱ እንዴት ይገባል? ኮዱን ሌላ ባለሙያ መርምሮታል? ብንለያይ ዳታዬን በምን መልክ ትሰጡኛላችሁ? ኤክሴል ላይ የሚከፈት ፋይል ካልሆነ አትፈርሙ። ክፍያው በዶላር ወይም በክሪፕቶ የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ በብር ጣሪያ አስቀምጡበት።

መልሱ «መጀመሪያ ቶከናችንን ግዙ» ከሆነ ሰውዬው ሌላ ነገር ነው የሚሸጠው፤ ሻዩን ጠጥቶ ይሂድ።

ካሳመናችሁም ሙሉውን አትግዙ። አንድ ማጠቢያ ጣቢያ ምረጡ፣ እሸት መግባት ሳይጀምር ሚዛኑንና ስልኩን አዘጋጁ፣ አንድ የመልቀሚያ ወቅት ከወረቀቱ ደብተር ጎን ለጎን አስኪዱት። ጥር ላይ ሁለቱን አመሳክሩ። ልዩነት የታየበት ቦታ ሁሉ ወይ ሰው ጋ ነው ወይ ሚዛን ጋ፤ እሱ ሳይስተካከል ለሰርቨር የሚወጣ ብር የለም።